ከኋላ የተቀመጠው ምን ሰማ?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለክረምት ዕረፍት ወደ ባላገር ወጥቶ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ከቤት የተቋጠረለት ስንቅ፥ ሁለተኛው ደግሞ ከመጽሐፍ ያላገኘው ጥያቄ ነው። ስንቁ መኝታ ቤት ከገባ ሁለት ቀን አያድርም። ጥያቄው ግን ይከርማል። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች የሆንን አምስት ጓደኛሞች ባለፈው ክረምት ከሰኮሩ ይዘነው የመጣነው ጥያቄ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀን፥ በዚች መጽሔት ላይ ለጓደኞቻችን ልናካፍለው ወደድን። ጥያቄውም፦ በሕዝብ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የተባለውን ሳይሰማ እጁን ቢያወጣ፥ ያወጣው በምን ላይ ነው? የሚል ነው።

ሰኮሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ የግቤን ሸለቆ ተሻግረው የሚያገኟት ከተማ ናት። ቡና የጫነ መኪና ሌሊትና ቀን ያልፍባታል። የኤሌክትሪክም ነገር ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ግቤ አንድ ግድብ በዚሁ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀምሯል። ከመካከላችን የአንዱ ቤተ ሰቦች እዚያ ስለሚኖሩ ሌሎቻችን ተከትለነው ሄደን ነበር። በአንድ ማለዳ በአካባቢው በሚገኝ አንድ አዳራሽ የመዋጮ ስብሰባ አለ ተብሎ ሕዝቡ ሲጠራ፥ እኛም የባላገሩን ጉባኤ ለማየት ገብተን ከኋላ ተቀመጥን።

አዳራሹ ረዥም ነው። በቅርቡ አዲስ የድምፅ መሣሪያ እንደ ተገባለት ሰምተናል። መድረኩ ላይ ማይክሮፎንና ሚክሰር፥ በግድግዳው ላይ ደግሞ ከመድረኩ እስከ መግቢያው በር ድረስ አራት ስፒከሮች በተርታ ተሰቅለዋል። ሰብሳቢው በኦሮምኛ መናገር ሲጀምሩ ከፊት ያሉት ሁለቱ ስፒከሮች ጥርት አድርገው አሰሙ፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ግን ጭጭ አሉ። ከበሩ አጠገብ እናቶች፥ ሽማግሎችና ዘግይተው የደረሱ ገበሬዎች ተቀምጠዋል። ለእነርሱ የደረሳቸው ከፊት የሚመጣው ጕርምርምታ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ከፊት ያሉት እጃቸውን ሲያወጡ ከኋላም ያሉት አይተው አወጡ። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ» ብለው ጻፉ። ከአጠገባችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ያወጡትን እጅ ሳያወርዱ ወደ እኛ ዞር ብለው «ልጆቼ፥ ምኑን ነው እሺ ያልነው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም፤ እኛም አልሰማንምና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር የምንተርከው፥ ጥፋቱ የማንም ክፋት እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው።

መሣሪያው የዘመኑ ዐይነት ነው። ድምፁ በሽቦው ውስጥ የሚጓዘው እንደ ጥንቱ የሞገዱን ቅርጽ እንደ ያዘ አይደለም፤ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ቁጥር ይሆናል፥ ቁጥሩም በትንንሽ እሽግ እየታሰረ እንደ ኮምፒዩተር መልእክት ይላካል። ከሚክሰሩ አጠገብ እሽጉን የሚያከፋፍል፥ ባለሙያዎች «ስዊች» የሚሉት ትንሽ ሣጥን አለ። እያንዳንዱ ስፒከር በጀርባው ሁለት ቀዳዳ አለው፤ በአንዱ ይቀበላል፥ በሌላው ለሚቀጥለው ያቀብላል። በደቦ ጊዜ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉ ሰዎችን ማሰብ ነው። ከመካከል አንዱ እጁን ካጠፈ ከእርሱ በኋላ ላለው ሁሉ ድንጋዩ አይደርስም። በዚያ አዳራሽም በሁለተኛውና በሦስተኛው ስፒከር መካከል ያለው ገመድ ተበጥሶ ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው ዝም ያሉት ስለዚህ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ጠባቂ ልጅ፥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፥ አንድ ነገር አሰበ። ድምፁ በፊት በኩል መድረስ ካልቻለ በኋላ በኩል ለምን አይመጣም? አለ። ከመጋዘን ትርፍ ገመድ አውጥቶ ከስዊቹ አንሥቶ በጣራው ሥር ዘርግቶ ከአራተኛው ስፒከር ጋር አገናኘው። አራተኛው ተናገረ፤ ለሦስተኛውም አቀበለው። ልጁ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ማንንም አልነገረም፥ የሚነግረውም ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ ኮሚቴው ያስጠራው የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ መጣ። እርሱም ተበጥሶ የነበረውን ገመድ ፈልጎ አገኘና ቈርጦ እንደገና አሰረው። ሥራው ያለ እንከን ነበር። ይሁን እንጂ የገመዱን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ በከተተ ጊዜ አራቱም ስፒከሮች ባንድ ጊዜ ፀጥ አሉ።

ይህ አስማት አይደለም። ልጁ የዘረጋው ገመድና ጠጋኙ ያሰረው ገመድ ተጋጥመው ቀለበት ሠሩ። በዚህ ዐይነት መሥመር ላይ «ለሁሉ ይድረስ» ተብሎ የሚላክ እሽግ አለ። መሥመሩ ጫፍ ካለው እሽጉ ሁሉ ዘንድ ደርሶ ያበቃል። ቀለበት ከሆነ ግን ዞሮ ይመጣል፤ ማከፋፈያውም ቀድሞ ያየው መሆኑን ስለማያውቅ እንደገና ይበትነዋል፤ እንደገና ዞሮ ይመጣል። በእሽጉ ላይ «ይህን ያህል ከዞርህ ይብቃህ» የሚል ትእዛዝ የለበትም። ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ መሥመሩ በከንቱ እሽግ ይሞላና ለሰው ድምፅ መንገድ አይቀርለትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ነገር ግን የት እንደ ታሰረ ሳይታወቅ የሚታሰር ድር ራሱን ፈታዩን ያስራል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የልጁ ሥራ ለብቻው ትክክል ነበር። የጠጋኙም ሥራ ለብቻው ትክክል ነበር። ሁለቱ ትክክል ሥራዎች ተደምረው አዳራሹን ዲዳ አደረጉት፤ ምክንያቱም አንዱ የሠራውን ሌላው የሚያይበት አንድ ቍራጭ ወረቀት በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። መሣሪያውን ወደ ገጠመው ድርጅት ስልክ ተደወለ፤ «እኛ እስክንመጣ ድረስ አትንኩት» የሚል መልስ ተገኘ። መቼ እንደሚመጡ አልተነገረም። ሕዝቡ ግን ለሁለተኛ ቀን ተሰብስቦ ይጠብቃል።

ጠጋኙ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር አምስታችንንም አሳፈረን። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደደና መሬት ላይ ተንበርክኮ አዳራሹን በእርሳስ ሣለ። ከዚያም እያንዳንዱን ገመድ በእጁ እየዳሰሰ ከመነሻ እስከ መድረሻ ተከተለው። የጠባቂው ልጅ አጠገቡ ቆሞ ያየው ነበርና በመጨረሻ ፈራ ተባ እያለ «ያችኛዋን እኔ ነኝ ያሰርኋት» አለ። ጠጋኙ ከረጢቱ ላይ መሥመር ጨመረ፤ ቀለበቱን በወረቀት ላይ አየው። ተነሥቶ የልጁን ገመድ ከስዊቹ ነቀለ። አራቱም ስፒከሮች ተናገሩ። ኮምፒዩተር አልከፈተም፥ ወደ አዲስ አበባም አልደወለም። የጐደለው ካርታ ነበርና ካርታውን ሠራ።

ስብሰባው ሲጀመር ከኋላ የነበሩት ሽማግሎች የትናንቱ ነገር እንደገና ይነበብልን አሉ። ተነበበ። ገና አሁን የሰሙት ሰዎች ጥያቄ አነሡ፤ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ መዋጮው ጸና፤ ባል የሞተባቸውና አቅመ ደካሞች ግን ከመዋጮው ነፃ ይሁኑ ተባለ። ትናንት «በሙሉ ድምፅ» የተጻፈው ውሳኔ ይህ አልነበረበትም። እንግዲህ አንድ የተበጠሰ ገመድ የሚያስከትለው ነገር የመሣሪያ ብልሽት ብቻ ነው የሚለን ካለ ይህን ይመልስልን።

ጓደኞቻችን ምን እንደሚሉን እናውቃለን። «ይህ የምሕንድስና ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እናንተ ከቅኔና ከታሪክ ጋር የምትውሉ ሰዎች ስለ ሽቦ ምን አገባችሁ?» ይላሉ። እኛም መልሰን እንጠይቃለን፦ የሕዝብ ንግግር፥ የሕዝብ ፈቃድ፥ የሕዝብ ውሳኔ የምንላቸውን ቃላት በክፍል ውስጥ የምንማራቸው እኛ አይደለንምን? ቃሉ ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ ከሰሚው ጆሮ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ንቀን ስለ ቃሉ ክብር ብንጽፍ ከንቱ ነው። በአገራችን ድምፅ በሽቦ መጓዝ ከጀመረ ብዙ ዘመን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ማሠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ከሽቦ ጋር ኖረናል። ነገር ግን ሽቦው ሲበጠስ ዛሬም ቢሆን ዐይናችን ወደ ሩቅ ሰው ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የፕላዝማውን ትምህርት እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት ይሰጥ ነበር። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱ ተማሪውን አይጠብቅም፤ አልፎ ይሄዳል። መሣሪያው ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው በቅርብ ባልነበረበት ቦታ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ። አሳቡ መጥፎ አልነበረም። ድምፁና ሥዕሉ ወደ ገጠር ሲላኩ ግን መሣሪያውን የሚያክም እውቀት አብሮ አልተላከም። የሰኮሩው ነገር የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳችን መካከል የተነሣ ነው። አንዱ ጓደኛችን «ለገጠር አዳራሽ ይህ ሁሉ ኔትወርክ ለምን ያስፈልጋል? አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ጡሩምባ ይበቃ ነበር» ብሎ ተከራከረን። ክርክሩ በከፊል እውነት ነው። ለአንዲት ትንሽ አዳራሽ ቀላሉ መሣሪያ ይሻላል፤ ቢበላሽም በገበያ ውስጥ የሚጠግነው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ቀላል የተባለውም መሥመር ከመካከል ከተበጠሰ ከብልሽቱ ወዲያ ያለው ዝም ማለቱ አይቀርም። ደግሞም አዲሱ መሣሪያ ጥቅም አለው፤ በአንድ ቀጭን ገመድ ብዙ ድምፅ ይሄዳል፥ ለእያንዳንዱ ስፒከር ልኩን ከመድረኩ ሆኖ መወሰን ይቻላል፥ ነገ ትርጕም ቢያስፈልግ ሌላ ቋንቋ በዚያው ገመድ ይጨመራል። ባላገሩ ሁልጊዜ የከተማውን ትራፊ መሣሪያ ይጠቀም ማለት እኛን አያስደስተንም። የምንለው፥ አዲሱ ይምጣ፤ ነገር ግን ከነካርታው ይምጣ ነው።

ካርታው ለምን ይህን ያህል እንዳስፈለገ አንድ ነገር ብንጨምር ይገለጣል። ቀደም ባለው ዘመን አምፕሊፋየሮችን ከሩቅ ሆኖ ለመቈጣጠር ይሠራበት የነበረ አንድ የመሥመር ዐይነት ነበር፤ ከቴሌግራፍና ከቴሌፕሪንተር የተወረሰ ነው። 20 ሚሊ አምፒር የሚሆን ኤሌክትሪክ ከመቈጣጠሪያው ይወጣል፥ በየመሣሪያው ያልፋል፥ ተመልሶም ወደ መጣበት ይገባል። ኤሌክትሪኩ ሲፈስ አንድ፥ ሲቋረጥ ዜሮ ይባላል። ያ መሥመር ቀለበቱ ካልገጠመ አይሠራም። ለዚያኛው ቀለበት ሕይወቱ ነው፤ ለዛሬው ደግሞ መከላከያ ካልተደረገለት ሞቱ ነው። ሁለቱም በጣራ ሥር ተዘርግተው ሲታዩ ግን ያው ሽቦ ናቸው። በዐይን አይለዩም። አሮጌውን የሚያውቅ ጎበዝ ሠራተኛ ወደ አዲሱ ቢገባ በእውቀቱ ምክንያት ሊሳሳት ይችላል። ከዚህ ስሕተት የሚያድነው ሣጥኑ ላይ «ይህን መሥመር አታጋጥሙ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

መከላከያውም ቢሆን ተገኝቷል። ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት ሴት እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኩፕመንት በተባለ ኩባንያ ስትሠራ ማከፋፈያዎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ከቀለበቱ አንዱን በር ለጊዜው የሚዘጉበትን ዘዴ አወጣች። ገመዱ በሌላ በኩል ሲበጠስ ያ የተዘጋው በር ይከፈታል፤ ቀለበቱም ከጠላትነት ወደ ተጠባባቂነት ይለወጣል። ይህን ዘዴ ያስተዋወቀችበትን ጽሑፍ አሳጥራ ያቀረበችው በግጥም መሆኑን ስንሰማ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ትንሽ ኰራን። ዘዴው በታላላቆቹ ማከፋፈያዎች ላይ ይገኛል፤ በርካሾቹና በብዙ ስፒከሮች ሆድ ውስጥ ባሉት ግን የለም። መሣሪያ የሚገዛ ኮሚቴ «ቀለበት ቢገጥም ምን ይሆናል?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ የጠባቂው ልጅ አሳብ ብልሽት መሆኑ ቀርቶ የተመሰገነ ሥራ በሆነ ነበር። አስቡት፤ ልጁ ሳያውቀው ያሰበው ታላላቆቹ መሐንዲሶች ያሰቡትን ነው።

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መተው የተማሪ ልማድ ነው ተብለን እንዳንታማ፥ የምንለውን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

አንደኛ፥ በሕዝብ አዳራሽ የድምፅ መሥመር የሚዘረጋ ማንኛውም ድርጅት የመሥመሩን ንድፍ በትልቅ ወረቀት ሥሎ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሳይሰቅል የመጨረሻ ክፍያው አይሰጠው። ንድፉም የአዳራሹ ጠባቂ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ በሰኮሩ በኦሮምኛና በአማርኛ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፥ እርሱን አልጠላንም።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፉ ላይ ቍጥር ይታሰርበት። ገመዱን የነካ ሁሉ የነካበትን ቀንና ያደረገውን ነገር ከንድፉ ሥር በተሰቀለው ደብተር ላይ ይጻፍ፤ መሐንዲስም ቢሆን፥ የጠባቂ ልጅም ቢሆን።

ሦስተኛ፥ ጥቂቱ ደንብ ለአገሩ ጠጋኞች ይሰጥ። ደንቡ ምሥጢር አይደለም፤ እኛም በአንድ ቀን ተማርነው። የመዳብ ገመድ ከመሣሪያ እስከ መሣሪያ ከ100 ሜትር አይበልጥም። በውስጡ ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ናቸው፤ ጥምዝምዙ ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ የሚያጠፋው እርሱ ስለሆነ፥ ጫፉ ላይ ሲታሰር ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈታም። በቀለሙም ተራ ነጭ ብርቱካን፥ ብርቱካን፥ ነጭ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ነጭ ሰማያዊ፥ አረንጓዴ፥ ነጭ ቡናማ፥ ቡናማ ተብሎ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዐይነት ይታሰራል። ከ220 ቮልቱ የመብራት መሥመር ጋር ጎን ለጎን አይሄድም፤ መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀልኛ ይሻገራል። በቡና አገር ያደገ ሰው ቡናማውን ሽቦ ከመጨረሻ ማሰርን የሚረሳ አይመስለንም።

አራተኛውና ዋነኛው ለሰብሳቢዎች ነው። ድምፅ ከመቈጠሩ በፊት አንድ ሰው እስከ በሩ ድረስ ሄዶ «ይሰማል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ሽቦም ገንዘብም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1963 የ32 ነፃ የአፍሪካ አገሮች ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በእንደዚያ ያለ ጉባኤ አንድ መልእክተኛ «አልሰማሁም» ቢል ድምፅ ይቈጠራልን? አይቈጠርም። ለመልእክተኛው የተደረገው ክብር ለሰኮሩዋ አሮጊት የማይደረግበት ምክንያት ምንድን ነው? የእርሳቸውም እጅ እጅ ነው፤ የሚከፍሉትም ከራሳቸው መቀነት ፈትተው ነው።

ለራሳችንም የምንለው አለን። በሚመጣው ክረምት ወደየአገሩ የምንሄድ ተማሪዎች በየደረስንበት አዳራሽ፥ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አንድ ቀን ሰጥተን የመሥመሩን ካርታ ከአገሩ ጠጋኝ ጋር ሆነን ብንሥልስ? ጠጋኙ ገመዱን ይከተላል፥ እኛ እንጽፋለን። መጻፍ ተምረናልና ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን አሳብ በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲያየው እንለምናለን፤ እኛ አምስታችን ስማችንን አስቀድመን አስመዝግበናል።

ከሰኮሩ በተነሣንበት ጧት ለመሰናበት በአዳራሹ በኩል አለፍን። የሲሚንቶው ከረጢት በመድረኩ ግድግዳ ላይ በአራት ምስማር ተመቷል። ከሥሩ የጠባቂው ልጅ በደብተር ወረቀት ላይ በገዛ እጁ፥ ትርፉ ገመድ ተነቅሎ መጋዘን መግባቱንና ያለ ጠጋኙ ፈቃድ እንዳይመለስ ጽፎ ለጥፎበታል። ቀኑንም አልረሳም።